«ይሄ ግጥም አይደለም!» የተባሉት ሴት የግጥም ዳኛ ሲሆኑ

(ይህ ጽሁፍ አንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ ባዘጋጀው የግጥም ውድድር የሽልማት ዕለት በንግግር ያቀረብኩት ነው። ለጋዜጣ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካካሁት እንጂ ሃሳቡን አልለወጥኩም። «በእኛ» ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ ግጥም ዳኝነት ንግግር አድርግ ተብዬ ነው የተጋበዝኩት። ከንግግሩ በፊት ግን አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

በዚህ ውድድር ከሶስቱ ዳኞች አንዱ እኔ ነኝ። «አንተን ደግሞ ማን የግጥም ዳኛ አደረገህ?» ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ዲፕሎማዬ በሂሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ግጥም የተማርኩት ከሬዲዮ፣ ከተውሶ መጽሐፍና ከአያቴ ሙሾ ነው። ስሜ አልፎ አልፎ ጋዜጣ ላይ ስለሚወጣ ብቻ «እሱ ያውቃል» ተባለና ወንበር ተሰጠኝ። አገራችን ውስጥ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚመረጠው? ... ተውት፣ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ግጥሞቹ በአንድ ትልቅ ፌስታል ታጭቀው መጡ። አብዛኞቹ በኮምፒዩተር ተጽፈው፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም በአበባ ስዕል አጊጠው ነበር። ከመሃላቸው አንዲት ወረቀት ወጣች። ከሂሳብ ደብተር የተገነጠለች፣ ባለ ካሬ፣ በእርሳስ ከፊትም ከኋላም የተጻፈባት። ስም የለባትም። ፊደሏ የተዘበራረቀ ነው፤ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻ በሶስት ዓይነት ተጽፏል። ስለ ውሃ ወረፋ፣ ስለ ቢጫ ጀሪካንና ወገቧን ስለሚያማት አንዲት እናት ነው የምታወራው። ቤቷ አንዳንድ ቦታ ይመታል፣ አንዳንድ ቦታ ዝም ብሎ ያልፋል። ከሶስታችን አንዱ አየት አደረጋትና «ይሄ እኮ ግጥም አይደለም፤ የቀበሌ አቤቱታ ነው!» አለ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ወረቀቷ ወደ ወደቁት ክምር ሄደች። ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ያን ሰሞን ለሌላ ጽሁፍ ብዬ ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ደራሲዎች እያነበብኩ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ካቆምኩበት ስቀጥል አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ። በ1964 አንዲት ሴት የግጥም መጽሐፍ ሲያሳትሙ አንዳንድ ሀያሲያን ይሄ ግጥም ሳይሆን ፕሮፓጋንዳ ነው ብለው አጣጣሉት ይላል። የቀኑ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

እናም ዛሬ የዳኝነት መስፈርት ምናምን እያልኩ አላደክማችሁም። የእኚህን ሴትና የአንድ እስረኛን ታሪክ ነው የምነግራችሁ።

ሴትየዋ ሲወለዱ ካትሊን ሩስካ፣ ሲያገቡ ካት ዎከር፣ በመጨረሻም ኡድገሩ ኑናካል ተባሉ። ወደ ስማቸው ነገር እመለስበታለሁ። የተወለዱት በ1920 ከብሪስቤን ከተማ ፊት ለፊት ባለችው ሚንጄሪባ ደሴት ነው፤ ነጮቹ ኖርዝ ስትራድብሮክ ይሏታል። ኑናካል የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ስም ነው። በትምህርት ቤት ግራኝ ስለነበሩ «በቀኝሽ ጻፊ» እየተባሉ ጣታቸውን በማስመሪያ ይመቱ ነበር። በ13 ዓመታቸው ትምህርቱን ተዉና ብሪስቤን ውስጥ ሰው ቤት ሰራተኛ ሆነው ገቡ። እኛ ሰፈር ቢሆን «ሰራተኛዋ» እየተባለች ስሟ እንኳን የማይጠራ ልጅ ማለት ነው። በ1942 ሁለት ወንድሞቻቸው ሲንጋፖር ላይ በጃፓን ጦር ሲማረኩ እሳቸው ደግሞ የአገራቸውን የሴቶች ጦር ተቀላቀሉ። አገራቸው ስል እንግዲህ በወቅቱ እንደ ሙሉ ዜጋ ያልቆጠረቻቸውን አገር ማለቴ ነው።

ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1963 የነባር ሕዝቦችን መብት ለመጠየቅ ከልዑካን ጋር ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ሜንዚስ ዘንድ ገቡ። ጠቅላዩ ጨዋ አስተናጋጅ ናቸውና መጠጥ ልቅዳልዎ አሉ። ሴትየዋ በበኩላቸው፣ እኔ በምኖርበት በኩዊንስላንድ ለአቦርጂን መጠጥ የሰጠ ሰው ወህኒ እንደሚወርድ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጠቅላዩ አያውቁም ነበር! (አይ ሹመት! የራሱን አገር ሕግ የማያውቅ ሹም የኛ ብቻ እየመሰለኝ ስንት ዘመን በከንቱ ተናድጃለሁ።)

በተከታዩ ዓመት፣ በ1964፣ መጽሐፉ ወጣ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «እየሄድን ነው» እንደማለት ነው። ጃካራንዳ የተባለው የብሪስቤን አሳታሚ ረቂቁን ለታዋቂዋ ነጭ ገጣሚ ለጁዲት ራይት ሰጥቶ አስነብቦ ነበር። ራይት ይታተም አሉ። በአንድ አቦርጂን ሰው የተጻፈ የግጥም መጽሐፍ አውስትራሊያ ውስጥ ሲታተም የመጀመሪያው ይሄ ነው። ከ10 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። ግጥም በዚያ አገርም ቢሆን እንደ ቂጣ የሚቸበቸብ ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሀያሲያኑስ ምን አሉ? ሁሉም አልነቀፉም፤ የነቀፉት ግን በሁለት መንገድ መጡ። አንዱ ወገን ይሄ ፕሮፓጋንዳ እንጂ ግጥም አይደለም አለ። ሌላው ወገን ደግሞ አቦርጂን ሴት ይህንን ራሷ ልትጽፍ አትችልም፣ የሆነ ሰው ጽፎላት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ልብ በሉልኝ! ግጥሙ ግጥም ካልሆነ ሌላ ሰው ጻፈላት ማለት ለምን አስፈለገ? እሷ የማትችለው ዓይነት ጥሩ ከሆነ ደግሞ እንዴት ግጥም አይደለም ይባላል? ሁለቱን ክስ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትየዋ ወደ ውስጥ እንዳትገባ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከግጥሞቻቸው የማልወዳቸው አሉ። አንዳንዶቹ እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር ይንደረደራሉ፤ ሃሳቡ ቀድሞህ ደርሶ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ሴትየዋም ይህንን አልካዱም። አጻጻፌ መፈክር መፈክር የሚል፣ ግልጽና ቀላል ነው ይሉ ነበር እንጂ አፍረው አልተሸሸጉም። የሚጽፉት ማንበብ ለተከለከለ ወይም በወጉ ላልተማረ ወገናቸው መሆኑን ስታውቅ ቀላልነቱ ጉድለት መሆኑ ያጠራጥርሃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበል። በ1967 ነባር ሕዝቦች በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲገቡ፣ ማዕከላዊው መንግስትም ሕግ እንዲያወጣላቸው የሚያስችል ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ አገሩን እየዞሩ ከቀሰቀሱት አንዷ እሳቸው ነበሩ። ከመራጩ 90.77 በመቶ «ይሁን» አለ። በ1970 የእንግሊዝ ንግስት ኒሻን ተሰጣቸው። በ1974 ናይጄሪያ ሌጎስ ላይ ለጥቁር ሕዝቦች የጥበብ ፌስቲቫል ዝግጅት ስብሰባ ውለው ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ዱባይ ላይ ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ መሳሪያ ደግነው ቆመው ሳለ እኚህ ሴት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አውሮፕላን ውስጥ ለማስታወክ የምትሰጠዋን የወረቀት ከረጢት አንስተው ግጥም ጻፉባት! እንግዲህ እኔ ከደብተር የተገነጠለች ወረቀት ናት ብዬ የናቅኩትን አስቡት።

የስማቸው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በጥር 1988 አውስትራሊያ የእንግሊዝ መርከቦች ሲድኒ ላይ የቆሙበትን 200ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ስትል ሴትየዋ ኒሻናቸውን ቀደም ብለው በ1987 መለሱ። ለነጩ ልደት የሆነው ለወገኔ የቀብር ቀን ነው የሚል ስሜት ነበራቸውና። ካት ዎከር የሚለውንም ስም ጥለው ኡድገሩ ተባሉ። ኡድገሩ በሕዝባቸው ቋንቋ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የሚላጥ የዛፍ ስም ነው። ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ውድድሩ ልግባ።

በዚያው በ1988 የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ገና ምንም ላላሳተሙ የአቦርጂንና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ጸሐፊዎች ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አቋቋመ። ግጥምም ሆነ ልብ ወለድ በረቂቅ መልኩ ይቀርባል፤ ያሸነፈው መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል። ስሙም የዴቪድ ዩናይፖን ሽልማት ተባለ። ዩናይፖን ማን ናቸው? በ1872 በደቡብ አውስትራሊያ የተወለዱ ሰባኪ፣ የፈጠራ ሰው፣ ደራሲ። የበግ ጸጉር መሸለቻ መሳሪያ አሻሽለው በ1909 የባለቤትነት መብት ቢያስመዘግቡም ገንዘቡን ሌላው በላው። የወገኖቻቸውን ተረትና አፈ ታሪክ ሰብስበው ጻፉ፤ አሳታሚው ጽሁፋቸውን ለአንድ ራምዚ ስሚዝ ለሚባል ነጭ ሐኪም ሸጠው፤ ሰውየውም በ1930 ለንደን ላይ በራሱ ስም አሳተመው። የዩናይፖን ስም የትም ቦታ የለም። መጽሐፉ በትክክለኛው ባለቤቱ ስም የወጣው በ2001 ነው፤ ዩናይፖን ከሞቱ ከ34 ዓመት በኋላ! «ሌላ ሰው ጽፎላት ይሆናል» የሚለው ጥርጣሬ በእሳቸው ላይ ተገልብጦ ነበር የሰራው፤ እሳቸው ጽፈው ሌላው ፈረመ።

የዩናይፖን ፎቶግራፍ ከ1995 ጀምሮ በአውስትራሊያ የ50 ዶላር ኖት ላይ አለ። ስለ ፊደል ግድፈት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 ይህ ኖት በአዲስ መልክ ታተመ። በሌላኛው ገጹ፣ የፓርላማ አባል በሆኑት የመጀመሪያዋ ሴት በኢዲት ካወን ምስል በኩል፣ ከንግግራቸው የተቀነጨበ ነገር በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። እዚያ ውስጥ «ኃላፊነት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ፊደል ጎድሎት ታተመ! ስህተቱ በ2019 ሲታወቅ 46 ሚሊዮን ያህል ኖት ገበያ ላይ ነበር። ማዕከላዊ ባንክ «ኃላፊነት»ን ሲገድፍ ኖቱ ከ50 ዶላርነቱ አልወረደም። የኔዋ ባለ ካሬ ወረቀት «ፀሐይ»ን ገድፋ ግን ወደቀች።

ለመጀመሪያው የዩናይፖን ሽልማት ሶስት ዳኞች ተቀመጡ። ኡድገሩ ኑናካል አንዷ ናቸው። ሁለተኛው ጃክ ዴቪስ፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት፤ በወጣትነታቸው ሙር ሪቨር በሚባለው፣ መንግስት አቦርጂኖችን አግዞ በሚያጉርበት ሰፈር ኖረዋል። ሶስተኛው ሙድሩሩ የተባሉት ልብ ወለድ ጸሐፊ ናቸው፤ ስለ እሳቸው በኋላ የምለው አለኝ።

አሸናፊው በ1989 ታወቀ። ግሬም ዲክሰን ይባላል። በ1955 ፐርዝ ከተማ ነው የተወለደው፤ ወገኑ ኑንጋር ነው። ልጅነቱ በልጆች ማሳደጊያና በጠባይ ማረሚያ አለፈ፤ ወጣትነቱን ደግሞ አብዛኛውን ፍሪማንትል ወህኒ ቤት ውስጥ ጨረሰው። ግጥም መጻፍ የጀመረው እዚያው ነው። ዲፕሎማ የለው፣ የጉባኤ ግብዣ የለው፣ «እሱ ያውቃል» የሚለው ሰው የለው። የግጥሞቹ ረቂቅ አሸንፎ በ1990 መጽሐፍ ሆነ፤ ርዕሱ «የሆሎኮስት ደሴት» ነው።

ደሴቲቱ እውነተኛ ናት። ከፍሪማንትል ባህር ዳር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ ትገኛለች። ነጮቹ ሮትነስት፣ ኑንጋሮች ዋጀማፕ ይሏታል። ከ1838 እስከ 1931 ባለው ጊዜ ወደ 4,000 የሚጠጉ የአቦርጂን ወንዶችና ታዳጊ ልጆች በሰንሰለት እየታሰሩ ተግዘውባታል። ቢያንስ 373ቱ እዚያው ሞተው ምልክት በሌለው መቃብር ተቀብረዋል። ከዚያስ? ከዚያማ ደሴቲቱ የመዝናኛ ስፍራ ሆነች። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በእረፍት ቀን ይሄዳል፤ በመቃብሩ ላይ ድንኳን ተክሎ ያድራል። የእስር ቤቱ ሕንጻ ራሱ ታድሶ እስከ 2018 ድረስ የእንግዳ ማደሪያ ነበር። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሌላው ታስሮ በሞተበት ክፍል ይተኛል! ዲክሰን ለመጽሐፉ ርዕስ የሰጠውን ግጥም የጻፈው ስለዚህች ደሴት ነው። ሌሎቹም ግጥሞቹ ስለ ክፍሉ ግድግዳ፣ ስለ ፖሊስ፣ በእስር ላይ እያሉ ስለሞቱ ወገኖቹ ናቸው። ልክ በዚያው ወቅት፣ ከ1987 እስከ 1991፣ በመንግስት የተሰየመ ኮሚሽን በእስር ላይ ሳሉ የሞቱ የ99 አቦርጂኖችን ጉዳይ ሲመረምር ነበር። ኮሚሽኑ 339 የውሳኔ ሃሳብ አቅርቦ ተበተነ።

እስቲ ይህ ረቂቅ እንደ እኛ ያለ የዳኞች ጠረጴዛ ላይ ወደቀ እንበል። ከወህኒ የመጣ፣ ንዴቱ የሚፋጅ፣ ቃላቱ የመንገድ፣ ቤቱ እንደ መዶሻ ቀጥ ብሎ የሚመታ። «ይሄ ክስ ነው፣ ግጥም የት አለ?» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጅብን ነበር? እነዚያ ዳኞች ግን ያንን ቃል ቀድመው በገዛ ጆሯቸው የሰሙ ሰዎች ናቸው። ኡድገሩ ከ25 ዓመት በፊት ፕሮፓጋንዳ ነው የተባሉ ሴት ናቸው። ስለዚህ የዲክሰን ንዴት ከግጥሙ ተነጥሎ የሚጣል ገለባ ሆኖ አልታያቸውም። ንዴቱን ይዞ የመጣውን ሰው አነበቡት።

ሽልማቱ በዚያ አልቆመም። በ1990 ያሸነፉት ዶሪስ ፒልኪንግተን ናቸው። እናታቸው ሞሊ በ1931 ልጅ ሳሉ በመንግስት ሰዎች ተነጥቀው የተወሰዱት ወደዚያው ወደ ሙር ሪቨር ሰፈር ነው፤ ከዚያ አምልጠው የጥንቸል መከላከያ አጥሩን እየተከተሉ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ቤታቸው ገቡ። ዶሪስ ይህንን በ1996 መጽሐፍ አድርገው አወጡት፤ በ2002 ፊልም ሆኖ ዓለም አየው። በ2004 የዩናይፖንን ሽልማት ያገኘችው ታራ ጁን ዊንች ደግሞ በ2020 ማይልስ ፍራንክሊን የተባለውን የአገሪቱን ታላቅ የልብ ወለድ ሽልማት ወስዳለች። ኡድገሩ ይህንን አላዩም፤ በ1993 አርፈዋል። ዲክሰንም በ2010 ሞቷል።

እዚህ ላይ ከመሃላችሁ «ታዲያ ዳኛው ከተወዳዳሪው ወገን ካልሆነ አይሆንም ልትለን ነው ወይ?» የሚል እንዳለ ይገባኛል። አልልም። ሙድሩሩን አቆይቼ የነበረው ለዚህ ነው። በ1965 ያሳተሙት ልብ ወለድ የመጀመሪያው የአቦርጂን ልብ ወለድ እየተባለ ለ30 ዓመት ሲወደስ ኖረ። በ1996 ግን የዘር ሐረጋቸው አቦርጂን አይደለም የሚል ማስረጃ ከገዛ ቤተሰባቸው ወጣ። ጉድ ተባለ። የእሳቸው መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓለም ያየኝና የቀጣኝ እንደ ጥቁር ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ሰውየው በ2019 እስኪሞቱ አልተቋጨም። እንግዲህ ከሶስቱ ዳኞች የአንደኛው ደም አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘ፤ የሰጡት ፍርድ ግን አልተበላሸም። ዲክሰንን ሲመርጡ አልተሳሳቱም። ደም ብቻውን ዳኛ አያደርግም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ያደርጋል? እኔ እንደሚመስለኝ የእኛ ቅኔ ቤት መልሱን ድሮ ያውቀው ነበር። መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሰምተው «ይበል» የሚሉት ወይም የሚያርሙት ራሳቸው አኮፋዳ አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ» ሲሉ የኖሩ፣ የውሻ ጥርስ ባታቸው ላይ ያለ ሰው ስለሆኑ ነው። የቅኔው ሕግ ጥብቅ ነው፤ መምህሩም ምህረት የላቸውም። ነገር ግን «አንተ ከየት የመጣህ ለማኝ ነህ» ብለው ተማሪ አያባርሩም። እኛ ሶስታችን ግን፣ ውሃ በቧንቧ የሚመጣልን ሰዎች፣ ስለ ውሃ ወረፋ ልንፈርድ ተቀመጥን።

የኛ አገር የግጥም ውድድር ታሪክ ደግሞ አለ። በ1953 ዓ.ም. በእኛ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥም አነበበ። ያ ግጥም ምን ያህል ወላፈን እንደነበረው ያያችሁት አባቶች ታውቃላችሁ፤ እኛ በወሬ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በዚያን ቀን ደሃው ሲናገር የተናገረለት የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ለደሃው አንደበት ማዋስ በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር፣ ዛሬም ይመሰገናል። የዲክሰን ግን ከዚያ ይለያል። እስረኛው ራሱ ተናገረ፤ የሰማችው ዳኛ ደግሞ ትናንት የሰው ቤት ሰራተኛ የነበረች ናት። በመካከል አዋሽም አስተርጓሚም የለም።

ስለ ዩናይፖን ሽልማት የመጨረሻ ወሬ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ለጋዜጠኛው ደስ ያለኝ እሱ ነው። በ2012 ካምቤል ኒውማን የሚባሉ ሰው የኩዊንስላንድን ምርጫ አሸነፉ። ስልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ ካደረጉት ነገር አንዱ የግዛቲቱን የስነ ጽሁፍ ሽልማቶች በሙሉ መሰረዝ ነበር፤ የዩናይፖንም እዚያ ውስጥ ነበረበት። ምክንያቱ ቁጠባ! የሚተርፈው ገንዘብ ወደ 240 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ነው። ለአንድ ሃብታም ክፍለ ግዛት ይህ የመስተንግዶ ሂሳብ ነው። ደራሲዎችና አንባቢዎች ምን አደረጉ? ደብዳቤ ጽፈው አልቅሰው አልተቀመጡም። ከኪሳቸው አዋጥተው፣ ዳኞቹም በነጻ ሰርተው፣ በዚያው ዓመት ሽልማቱን ራሳቸው ሰጡ! ሽልማቱ እስከዛሬ አለ። ኒውማን ግን በ2015 በተደረገው ምርጫ የራሳቸውን ወንበር እንኳ ማትረፍ አልቻሉም። (ይህንን ስናገር አዳራሹ ለምን እንዳጨበጨበ አልገባኝም። እኔ የማወራው ስለ አውስትራሊያ ነው።)

ወደ ወረቀቴ ልመለስ።

የኡድገሩን ታሪክ ባነበብኩ ማግስት ወደ ክበቡ ጽህፈት ቤት ሄጄ የወደቁትን ክምር አገላበጥኩ። ሊጣል በር ስር ተቀምጦ ነበር። ወረቀቷን አገኘኋትና ይዣት ወጣሁ። እስካሁን ሰባት ጊዜ ሳላነባት አልቀረሁም። አሁንም ቤቷ የሚስትበት ቦታ ይስታል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ነገር ግን በጀርባዋ ታች፣ እርሳሱ ደብዝዞ ሊጠፋ በደረሰበት፣ ባዶ ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ቤት መመለስ ከሙሉው ይልቅ እንደሚከብድ የሚናገር ቦታ አለ። ይህንን ከአበባ ያጌጡት ግጥሞች ውስጥ አላገኘሁትም። ይህንን የሚያውቅ ባዶውን ተሸክሞ የተመለሰ ሰው ብቻ ነው።

ለሁለቱ ባልደረቦቼ መልሼ አነበብኩላቸው። አንደኛው ዝም አለ። ያ የቀበሌ አቤቱታ ነው ያለው ደግሞ አሁንም ግጥም አይደለም ይላል፤ መብቱ ነው፣ ተከራክረናል፣ ወደፊትም እንከራከራለን። የዛሬው ሽልማት ነጥቡ ተደምሮ፣ ፊርማ ወርዶበት አልቋልና አሸናፊዎቹን መንካት አልችልም፤ ጥሩ ጽፈዋል፣ ይገባቸዋል። ለአዘጋጆቹ ግን አንድ ነገር ጠይቄ ተስማምተውልኛል። በሚቀጥለው ዙር ከሶስቱ ወንበሮች የእኔን እለቃለሁ። በእሱ ላይ በዚህ መድረክ አንድ ጊዜ «ይሄ ግጥም አይደለም» የተባለ ሰው ይቀመጣል።

የዚህች ወረቀት ባለቤት ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን አዋቂ አላውቅም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ ስማችሁን ብቻ ንገሩኝ። ጉባኤው ሲያልቅ በር ላይ ነኝ። ወረቀቷ በኮቴ የውስጥ ኪስ ናት።



(ድህረ ጽሁፍ፦ በር ላይ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ ነበር። ብዙ ሰው ሰላም አለኝ፤ ሁለት ልጆች የራሳቸውን ግጥም ሰጡኝ፤ የወረቀቷ ባለቤት ግን አልመጣም ወይም አልመጣችም። ወረቀቷን በፖስታ አሽጌ ለዝግጅት ክፍሉ አደራ ሰጥቻለሁ። ይህንን የሚያነብ ባለቤት ካለ፣ በጀርባዋ የመጨረሻው መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ የተጻፈው ቃል የትኛው እንደሆነ ይናገርና ይውሰድ።)